ሥራው አለ፣ መደቡ የለም፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የአንድ ጤና ጣቢያ ጉዳይ

ከቃሊቲ ወጣ ብሎ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን የምትከታተል ነርስ አለች። በመጀመሪያ ዲግሪዋ ለዓመታት ሠርታለች። ከዚያ በአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሰች። መደቧም ደመወዟም ንቅንቅ አላለም። በጤና ጣቢያው መዋቅር ላይ ማስተርስ ላላት ነርስ የተከፈተ መደብ አልነበረም። ሥራው ግን ነበር፤ እንዲያውም ሰው አጥቶ ይጠብቃት ነበር።

ይህ ጽሑፍ ያ ሥራ ፈቃድና ደረጃ እንዲያገኝ ስለተደረገው ግብግብ ነው። የነርስ ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ ይዤ ወደዚያ ስለምሄድ ነገሩን ከጅምሩ ተከታትዬዋለሁ። ጤና ጣቢያውንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ሁሉም እዚያው አብረው የሚውሉ ናቸው። ማንንም ማሳጣት አልፈልግም፤ ደግሞም እንደምታዩት ሁሉም የየራሳቸው እውነት አላቸው።

መጀመሪያ አካባቢውን እንይ። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ ሲባል ብዙም ሳይርቅ የእርሻ ማሳ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ነው። ከመሀል ከተማ በመልሶ ማልማት የተነሱ ሰዎች እዚህ ወርደዋል። የቤት ዕጣ የወጣላቸው መጥተዋል፤ ኪራይ የከበደው ተከራይም ተከትሏቸዋል። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ጥበቃና የቀን ሠራተኛ ሆኖ እዚያው ቀርቷል። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ያህል እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ኮንዶሚኒየሙ ሰው ሲያስገባ ግን ይህን ቁጥር ቆጥሮ አልነበረም።

ከመጡት መካከል ብዙ አዛውንት አሉ። ስኳርና ግፊት ደግሞ ታክሞ የሚገላገሉት ሕመም አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ታካሚው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይመለሳል። ወደ ሆስፒታል ልሂድ ቢል በጤና መድህን የሚታከም ሰው መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት መያዝ አለበት። ታክሲው አለ፣ ወረፋው አለ፣ ከሥራ መቅረቱ አለ። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ላይ ካልታየ በወጉ አይታይም።

ነርሷ ከትምህርት ከመመለሷ በፊት እነዚህ ሰዎች ከሌላው ታካሚ ጋር ተደባልቀው ነበር የሚታዩት። ጠዋት ካርድ ያወጣሉ። ልየታ ላይ ግፊታቸው ይለካል። ከዚያ ሳል ከያዘው፣ ሆዱን ከሚያመው፣ ሕፃን ካዘለች እናት ጋር ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ይቀመጣሉ። ተራቸው ሲደርስ ጤና መኮንኑ ካርዱን ገልጦ ያለፈውን መድኃኒት ይደግምላቸዋል። ሌላ ምን ያድርግ? ከበሩ ውጭ የሚጠብቀው ሕዝብ ይታየዋል። ግፊቱ 170 የሆነ ሰው በዚያው በ5 ሚሊግራም አምሎዲፒን፣ በአንድ የግፊት ክኒን፣ ወራት ይቀጥላል። ክፉ የሠራ ሰው አልነበረም። ጊዜ ያለው ሰውም አልነበረም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይህን ያውቅ ነበር። እሷ ስትመለስ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ክፍል አስጠረገና ክትትሉን ያዥው አላት። ደብዳቤ አልተጻፈም፤ በቃል ነው። ግፊት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያ፣ ሚዛን፣ አንድ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ የተዘጋጀው ክሊኒካዊ መመሪያ ሁልጊዜ ተገልጦ ይገኛል። ከደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ልምድ ተወስዶ የተዘጋጀ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ለሚሠሩ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ታስቦ የተሰናዳ መመሪያ ስለሆነ እሷ ስትጠቀምበት አዲስ ነገር አልፈጠረችም።

እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ ታካሚ ይበቃል። ተማሪዎቼን ይዤ ገብቼ ያየሁት ነው። ሽማግሌው ፋብሪካ በር ላይ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የሚባሉ የስኳር ክኒኖች ይወስዳሉ። «ጫማዎን ያውልቁልኝ አባባ» አለቻቸው። አፈሩ። ጎንበስ ብላ ካልሲያቸውን ራሷ አወለቀችና ገልብጣ አየችው። አውራ ጣታቸው ሥር የደረቀ ደም ነበረበት። ዓይናቸውን አስጨፈነችና በቀጭን የናይለን ክር የውስጥ እግራቸውን ቦታ ቦታውን ነካካች። «ሲሰማዎት አለ ይበሉኝ።» ብዙውን ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጫማው ውስጥ እጇን አስገብታ ዳበሰች። የሶሉ ሚስማር ወደ ውስጥ ብቅ ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ሲወጋቸው አድሯል፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም።

ቁስሉን እያጠበች ወሬ በሚመስል አነጋገር ስለ ጾሙ ጠየቀቻቸው። ዐቢይ ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ክኒኑን ግን እንደታዘዘላቸው ጠዋት ይውጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ላብ ያሰምጣቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እሳቸው የእርጅና ነው ብለው ትተውታል። ነገሩ ግን የስኳር መውረድ ነው። ግሊቤንክላማይድ ያለ ምግብ ሲወሰድ ስኳርን ቁልቁል ይጥላል፤ ሰው ራሱን ሊስት፣ ከባሰም ሊሞት ይችላል። ጾሙን ይተዉ ብትላቸው እሺ ብለው ወጥተው እንደሚጾሙ ታውቃለች። ስለዚህ ክኒኑ ከምግባቸው ጋር ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንዲዞር፣ መጠኑም እንዲቀንስ፣ በሳምንቱም ተመልሰው እንዲለኩ ወሰነች። ጫማውንም ወደ ሊስትሮ ሳይሆን ወደ ጫማ ሰፊ ውሰዱት አለቻቸው።

ቁስል ማጠብ የነርስ ሥራ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። እግር መመርመርና ማስተማርም እንዲሁ። ክኒኑን መቀነስ ግን የማን ነው? ጠቡ ሁሉ የተነሳው ከዚህች ቦታ ነው።

ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጠየቀም። እሷ ማዘዣ ትጽፋለች፣ ፋርማሲው ያወጣል። ከዚያ ከተቆጣጣሪ አካል ባለሙያዎች መጡ። የማዘዣ ወረቀቶችን ሲያገላብጡ የግፊትና የስኳር መድኃኒት በነርስ ፊርማ ወጥቶ አገኙ። በምን ሥልጣን ብለው ጠየቁ። የሚያሳዩት ወረቀት አልነበረም። በማግስቱ የፋርማሲው ኃላፊ ያለ ጤና መኮንን ወይም ያለ ሐኪም ፊርማ እነዚህን መድኃኒቶች እንደማያወጣ አስታወቀ። ብዙዎች ተቀየሙት። እኔ ግን እረዳዋለሁ። ፈቃዱ የራሱ ነው፤ ነገ ተጠያቂ የሚሆነውም እሱ ነው።

የመጣው መፍትሔ በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ዓይነት ነው። እሷ ትመረምራለች፣ እሷ ትወስናለች፣ እሷ ትጽፋለች። ታካሚው ወረቀቱን ይዞ ወደ ተመላላሽ ክፍል ሄዶ ያስፈርማል። ጤና መኮንኑ ሌላ ሰው እያየ በመሀል ይፈርማል። መኮንኑ ስብሰባ ወይም ሥልጠና ከሄደ ወረቀቱ ይጠብቃል፣ ታካሚውም ይጠብቃል። ያለ መድኃኒት ወደ ቤታቸው ተመልሰው በማግስቱ ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡ ነበሩ። ሰው ስለ ወረፋው ነበር የሚያማርረው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው። ታካሚውን ያየችው አልፈረመችም፣ የፈረመው ደግሞ ታካሚውን አላየም። አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል? ይህ አሠራር ለደኅንነት ተብሎ ነው የመጣው። ከበፊቱ ግን ይበልጥ አደገኛ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1986 የማኅበረሰብ ነርሲንግን ያጠናው የከምበርሌጅ ሪፖርት ያገኘው ይህንኑ ነው። ቤት ለቤት የሚያክሙ ነርሶች ለቁስል ማሸጊያ ሳይቀር የሐኪም ፊርማ ፍለጋ ሲንከራተቱ ይውሉ ነበር። ሪፖርቱ ከተወሰነ ዝርዝር ራሳቸው ይዘዙ አለ። ሕጉ የወጣው በ1992 ነው። ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች በሙያቸው ክልል ከሞላ ጎደል ማንኛውንም መድኃኒት እንዲያዙ የተፈቀደላቸው ደግሞ በ2006። ከሪፖርቱ እስከዚያ 20 ዓመት መሆኑ ነው። ሀብታም አገር ውስጥ፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ በሚሠራበት ቦታ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ከጤና መኮንኑ ልጀምር። ከውጭ የተጻፉ ነገሮችን ስናነብ የከፍተኛ ነርሲንግ ሙያ ክርክር ሁልጊዜ የነርስና የሐኪም ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ሎሬታ ፎርድ የምትባል የኅብረተሰብ ጤና ነርስ ከሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ጋር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለትም ታካሚ መርምራ የምታክም ነርስ፣ ሥልጠና ስትጀምር፣ ክፍተቱ በነርስና በሐኪም መካከል ነበር። እኛ አገር ያ ቦታ ባዶ አይደለም። ጤና መኮንን አለበት። የውጭውን መንገድ እንዳለ እንገልብጥ የሚሉ ወገኖች ይህን ሲዘሉት ደጋግሜ አያለሁ።

ጤና መኮንን የመጣው በችግር ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ፈጀ። በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሐኪም ስላልነበረ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ሠራተኛ አንድ ቡድን ሆነው ሠለጠኑ፣ አብረውም ወደ ገጠር ወጡ። በደርግ ዘመን ሥልጠናው ተቋርጦ በ1990ዎቹ ተመለሰ። የጤና ጣቢያ ሕክምና በብዙ አካባቢ በእነሱ ትከሻ ላይ ነው የቆመው።

የዚህኛው ጤና መኮንን ተቃውሞ ከቅናት የመጣ አይመስለኝም። ረዥም ጊዜ አነጋግሬዋለሁ። ነገሩን የሚያየው ከሁለት በኩል እንደተያዘ ሰው ነው። ከላይ ጠቅላላ ሐኪሞች በዝተው ወደ ጤና ጣቢያ መጥተዋል። ከታች ደግሞ ነርሶች ማዘዣ ሊይዙ ነው። አብረውት ከተመረቁት ውስጥ ሥራ ያላገኙ አሉ። ነርስ የእሱን ሥራ ከሠራች ለጤና መኮንን የሚከፈተው መደብ ይቀንሳል ብሎ ይሰጋል። ሌላም ያነሳው ነገር ነበር፤ እሱም ትክክል ነው። እሱ ምርመራና ሕክምናን እንደ ዋና ትምህርት ተምሯል። የነርስ ማስተርስ ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። አንዱ ጋር ተማሪዋ ታካሚ ላይ ትውላለች፣ ሌላው ጋር ጥናታዊ ጽሑፍ ላይ። ዲግሪው ብቻውን ታካሚ ማየት ትችላለች ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለከፍተኛ ነርሲንግ ሙያ ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ ይላል፤ ይሁንና ሥራውን የሚመጥን ክሊኒካዊ ብቃትንም አብሮ ይጠይቃል። እኛ ነርስ አስተማሪዎች ይህን ጥያቄ ተቀብለን ካልመለስነው ሌላ ሰው እንዲያምነን መጠበቅ የለብንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ከነርሶቹ መጣ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። መርፌ ክፍል፣ ክትባት፣ ቁስል ማሸጊያ፣ የሌሊት ተረኛ፣ ሁሉም የሚሸፈነው በነርስ ነው። እሷ ወደ ክትትል ክፍል ስትገባ ከተረኛ ዝርዝር ወጣች። የእሷ ሌሊት ለሌሎቹ ተከፋፈለ። ደመወዙ አንድ ነው። ታዲያ ለምን እሷ ቀን ብቻ ትሠራለች? ጥያቄው የሙያ ክብር ሳይሆን የእንቅልፍ ጉዳይ ነበር፤ ስለዚህ ስለ ሙያ ዕድገት በተደረገው ስብሰባ ላይ ምንም ቢወራ ሊበርድ አልቻለም። ፎርድም ከሐኪሞች እኩል ከራሷ ከነርሲንግ አስተማሪዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟታል፤ የነሱ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ነርሲንግን ትታ ወደ ሕክምና ሄደች ነው ያሏት።

ሐኪሙ ዝም ነው ያለው። በሳምንት የተወሰነ ቀን እየመጣ ከባድ ከባዱን ያያል። ክትትሉ በሥርዓት ቢያዝለት ደስታው ነው።

የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት መልስ ደግሞ ክብ ነው። መደብ ለመክፈት የሥራ ድርሻው በመመሪያ መታወቅ አለበት ይላል። የሥራ ድርሻው እንዲታወቅ ሲጠየቅ ደግሞ መዋቅሩ ላይ የሌለ መደብ ድርሻ አይጻፍለትም ይባላል። ያነጋገርኳቸው ሠራተኞች ቅን ሰዎች ናቸው። የተሰጣቸው ሠንጠረዥ ላይ ያልተጻፈ ነገር መፍቀድ አይችሉም፤ እነሱም ይጠየቁበታል።

ታካሚዎቹስ? መጀመሪያ ላይ አንዳንድ አዛውንት «ዶክተሩ ይየኝ» ይሉ ነበር። ዶክተር የሚሉት ጤና መኮንኑን ነው። በኋላ ሲስተር ከሌለች ቀጠሮዬን ቀይሩልኝ ማለት ጀመሩ። እሷ ታስቀምጣቸዋለች፣ ትጠይቃቸዋለች። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ 18 ጥናቶችን አገናዝቦ ያገኘው ከዚህ አይርቅም። በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ የሠለጠኑ ነርሶች ያዩዋቸው ታካሚዎች ውጤት ሐኪም ካያቸው ጋር ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ነርሶቹ ከአንድ ታካሚ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥናት የተሠራው ግን በሀብታም አገሮች ነው። ስለዚህ የእነሱን ውጤት ይዘን የእነሱን ሥልጠናና ድጋፍ መተው አንችልም።

አንድ ነገር እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ይህች አገር ሥራን ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ማሸጋገርን አሳምራ ታውቅበታለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በ2005 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሐኪም ብቻውን ሊደርስለት አልቻለም፤ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ሠልጥነው ጤና ጣቢያ ድረስ አወረዱት። በጥር 2008 ስለ ሥራ ሽግግር የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ መግለጫውም በከተማዋ ስም ይጠራል። በ2009 ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው ቀዶ ሕክምና የሚሠሩበት ፕሮግራም ተከፈተ። በብዙ የወረዳ ሆስፒታል እናቶች በእነሱ እጅ በቀዶ ሕክምና ይወልዳሉ።

ታዲያ ያኔ የተቻለው አሁን ለምን ከበደ? የእኔ ግምት ይህ ነው። ኤችአይቪ አስቸኳይ ነበር፤ ከኋላው ገንዘብ፣ ሪፖርትና የውጭ ዓይን ነበረው። በወሊድ የምትሞት እናትም በዕቅድ ላይ የምትቆጠር ናት። ግፊት ግን በዝምታ ይገድላል። ሰውየው ከዓመታት በኋላ ስትሮክ ይመታዋል፣ ሪፖርቱ ላይ ጤና ጣቢያው አይነሳም። የሚቸኩልለት ባለቤት የለውም። ደግሞ የያኔዎቹ ሽግግሮች ለፕሮግራም የተሰጡ ፈቃዶች ነበሩ። ነርሷ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ስትሰጥ ፕሮግራሙ ፈቀደላት እንጂ ሙያዋ ከፍ አላለም። ፕሮግራሙ ሲሄድ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። አሁን የተጠየቀው ለሙያው የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ እሱ ደግሞ ደመወዝና ደረጃ ይጎትታል።

ወደ ጤና ጣቢያው ልመለስ። ቋጠሮውን የፈታው ማንም ያልጠበቀው ሰው፣ ፋርማሲስቱ ነው። የፊርማው ሰልፍ እሱንም አሰልችቶታል። የሚያስፈልገኝ ወረቀት ነው አለ። ጤና ጣቢያው የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው የትኛውን መድኃኒት፣ በስንት መጠን፣ በምን ሁኔታ ነርሷ ማስተካከል እንደምትችል ጽፎ በቃለ ጉባኤ ያጽድቅ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ እሱን አሳያለሁ አለ።

ድርድሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ዝርዝሩ ላይ አምስት መድኃኒቶች ገቡ፤ ሦስቱ የግፊት፣ ሁለቱ የስኳር። አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ። እያንዳንዱ ጣሪያ ተቀመጠለት። ነርሷ መቀጠል፣ አንድ ደረጃ መጨመር፣ መቀነስና ማቋረጥ ትችላለች። አዲስ ታካሚ ላይ ሕክምና መጀመር ግን የመኮንኑ ወይም የሐኪሙ ነው። ኢንሱሊን አትነካም። ግፊቱ ከ180 በላይ ሆኖ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የደረት ሕመም ያለው፣ ነፍሰ ጡር፣ እግሩ ያመረቀዘ፣ ኩላሊቱ የሚያሰጋ፣ እነዚህ ሁሉ ወዲያውኑ ወደ መኮንኑ ወይም ወደ ሐኪሙ ይተላለፋሉ። ኢናላፕሪል ጽንስ ስለሚጎዳ መውለድ የምትችል ሴት ሁሉ ስለ እርግዝና ሳትጠየቅ አይሰጣትም። ይህችን ያስገባችው ነርሷ ራሷ ናት።

ጤና መኮንኑ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት ከእሷ ካርዶች የተወሰኑትን አውጥተው አብረው ያያሉ። እሷ መጀመሪያ እንደ ቁጥጥር አየችውና ከፋት። ሲጀምሩት ግን ጥያቄው በሁለቱም በኩል ሆነ። እሷ ስለ መድኃኒቱ ትጠይቃለች። እሱ ደግሞ ታካሚው መድኃኒቱን እየወሰደ እንዳልሆነ እንዴት አወቅሽ ይላታል። ከዝርዝሩ ይልቅ የረዳው ይህ የአርብ ውይይት ይመስለኛል። ሁለት ሰዎች አንድ ካርድ ላይ ጎንበስ ሲሉ ማዕረግ ይረሳል።

የተረኛው ጉዳይ በቀላሉ አለቀ። ቅዳሜና እሁድ በተራዋ እንድትገባ ተስማማች። እውነት ለመናገር ይህ መጀመሪያ ቢደረግ ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቅ ባልተነሳ።

እሷ ሕክምና መጀመርም እንዲፈቀድላት ትፈልግ ነበር። ትችላለችም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ያኔ በዚያ ላይ ብትጸና ዝርዝሩ ራሱ አይጸድቅም ነበር። የእንግሊዞቹም መንገድ ከአጭር ዝርዝር ነው የተነሳው።

ከዚያ ወዲህ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ተዛወረ። አዲሱ ኃላፊ መጥቶ ይህ አሠራር ከየት መጣ አለ። ቃለ ጉባኤው ባይኖር ሁሉም ነገር በዚያ ሳምንት ይቆም ነበር። ወረቀቱን አንብቦ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ዝርዝሩም በየዓመቱ እንዲታደስ አዘዘ። ሰሚ ላገኝ ከቻልኩ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ይህን ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። በቃል የተጀመረ ነገር በቃል ይፈርሳል፤ ያስጀመረው ሰው ሲዛወር ደግሞ ወዲያው።

ይሁን እንጂ የኮሚቴ ወረቀት የአገር ሕግ አይተካም። አንድ ታካሚ ጉዳት ደርሶበት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ያ ቃለ ጉባኤ ምን ያህል እንደሚሸፍናት የሚያረጋግጥላት የለም። ደመወዟ ያው ነው። በመታወቂያዋ ላይ ያለው መጠሪያም ያው ነው። አብረዋት የተማሩ ሁለት ነርሶች ወደ ውጭ ድርጅት ሄደዋል፣ አንዷ ወደ ውጭ አገር። እሷም ማመልከቻ እንደሞላች ነግራኛለች። አልፈርድባትም።

በዚህ የበጀት ዓመት ጤና ጣቢያው ለጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጽፏል። አንድ የክትትል ነርስ መደብ በማስተርስ ደረጃ እንዲከፈት፣ የሥራ ድርሻው በጽሑፍ እንዲወርድ፣ ሁለተኛ ነርስ ሠልጥና ምትክ እንድትሆን ይጠይቃል። የእስካሁኑ መልስ «መዋቅር ሲጠና ይታያል» የሚል ነው። ረቂቁ ለአስተያየት ሲዞር ጤና መኮንኑ አራተኛ ነጥብ ጨመረበት። የነርሶቹ ደረጃ ሲከፈት የጤና መኮንኖች የሙያ ዕድገትም በዚያው ሰነድ አብሮ እንዲታይ። ያ ነጥብ ከወጣ እንደማይደግፍ ለኃላፊውም ለነርሷም ፊት ለፊት ነግሯቸዋል። እሷ ነጥቡ ይግባ አለች፤ ደብዳቤው ከነአራት ነጥቡ ወጣ።